እንቁላልና ወተት የጫነች መኪና

መነጽር ቤት የሚሠራ ሰው፣ ሰው እንዴት እንደሚዋሽ አሳምሮ ያውቃል። ደንበኛው ተራውን ሲጠብቅ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የፊደል ሰሌዳ ጠጋ ብሎ ይሸመድደዋል። ከዚያ ወንበሩ ላይ ሲቀመጥ፣ ከሩቅ ጭጋግ ብቻ የሚታየው ሰውዬ ከላይ እስከ ታች ያነበንበዋል። ሚጣ እንዲህ ዓይነቱን ሰው አትምርም። ሰሌዳውን ትገለብጠውና በጀርባው ያለውን ሌላ ረድፍ ታሳየዋለች። ሰውዬው ሲንተባተብ ፈገግ ትልና "እኔን ቢያታልሉኝ ግድ የለኝም፤ መንገድ ሲሻገሩ ግን መኪናው አይታለልልዎትም" ትላለች። ይህቺን ንግግር ትወዳታለች፣ እንዲያውም ትንሽ ታበዛታለች።

እንግዲህ የገዛ አባቷን አንድ ወር ሙሉ ያታለለችው ይህችው ሚጣ ናት። ሚጣ የቤት ስሟ ነው። ሠላሳን ካለፈች ቆይታለች፤ ከእናትና ከአባቷ ጋር ስለምትኖር ግን ስሙ ሊለቃት አልቻለም።

አባቷ የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነበር። የሥራ ባልደረቦቹ "ሚዛን" ይሉታል። እሱ በሚነዳው አውቶቡስ ውስጥ የቆመ ተሳፋሪ ብረት ሳይጨብጥ ጋዜጣ ገልጦ ያነባል ይባል ነበር። ማጋነን ይኖርበታል፤ ሹፌሮች ተሰብስበው ሲያወሩ ያልተጋነነ ነገር ከአፋቸው አይወጣም። ያም ሆኖ ፍሬን ሲይዝ ሰው ወደ ፊት እንደማይደፋ፣ ሲነሣ ሰው ወደ ኋላ እንደማይንገዳገድ ያልመሰከረለት የለም። ባለፈው ክረምት ጋራዡ ውስጥ እጁን ሲታጠብ ወደቀ። ስትሮክ ነው አሉ። ግራ ጎኑን ያዘው። እግሩ እያደር ታዘዘለት፤ ግራ እጁ ግን አሻፈረኝ አለ።

በየሳምንቱ የሚወስዱት ወደ አንዲት የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ነበር። ወጣት ናት፣ ጉልበቷ ግን የሎሚ መጭመቂያ ነው። የሚጣ እናት "ይህቺ ልጅ እጅ ታድናለች ወይስ ትሰብራለች?" እያለች ከበር ውጭ ትቆጣለች። ባለሙያዋ አንድ ነገር ደጋግማ ትነግራቸው ነበር። "ሁለቱን እጆቻቸውን አንድ ላይ፣ እስከ ትከሻቸው የሚያስነሣቸው ነገር ፈልጉላቸው። በየቀኑ ይሁን። እነዚህ ወራት አንዴ ካመለጡን እጁ እንደ ልብ አይመለስም።"

ሚጣ ያን ጊዜ ነው ወንድሟ አግብቶ ሲወጣ ጥሎት የሄደው የቪዲዮ ጨዋታ ትዝ ያላት። ጨዋታው በመሠረቱ የእርሻ ነው። ዘር ይዘራል፣ በግ ይታገዳል፣ ወንድሟ ሌሊቱን ሲያርስ አድሮ ቀን ሲተኛ የኖረበት ነው። እሷ የፈለገችው ግን መሀሉ ላይ ያለችውን አንዲት ትንሽ ጨዋታ ነበር። ከጎተራው ደጅ የቆመች ቀይ መኪና እንቁላል ይጫንባትና ኮረብታውን ዞራ ገበያ ማድረስ አለባት። መሪው ባዶ የፕላስቲክ ክብ ነው። ገመድ የለው፣ ከምንም ጋር አልተያያዘ። በሁለት እጅ አየር ላይ ከፍ አድርገው ይይዙትና ሲያዘነብሉት፣ ቴሌቪዥኑ ውስጥ ያለችው መኪና ወዳዘነበለበት ትታጠፋለች። አንዱ እጅ ዝቅ ካለ መኪናዋ በዚያው በኩል ገደል ትገባለች።

አባቷ መጀመሪያ ቀን መሪውን እንዳቀበለችው ሶፋው ላይ ተመቻችቶ ተቀመጠ። ወገቡን አስተካከለ። ቀኝ እግሩን ምንጣፉ ላይ ፍሬን ይሆናል ባለበት ቦታ አሳረፈ። ከዚያ አንገቱን ወደ ግራ አዞረና የሶፋውን መደገፊያ ሲያይ "መስታወት የላትም እንዴ?" ብሎ ጠየቀ።

"የላትም አባዬ።"

"መስታወት የሌላት መኪና ማን መንገድ ላይ አወጣት?" አለና ነዳ።

የመጀመሪያው መታጠፊያ ላይ ግራ እጁ ከደረቱ ወደ ሆዱ ቀስ እያለ ወረደ። መኪናዋም ቀስ እያለች ወደ ግራ ሄዳ ቦይ ውስጥ ተደፋች። እንቁላሉ ሁሉ ፈረጠ። ይህ ሳያንስ አንዲት ወፍራም ዶሮ በቴሌቪዥኑ ጎን ብቅ ብላ፣ በክንፏ ሆዷን ይዛ ሳቀች። ሳቋ የዶሮ አይደለም፣ የሰው ነው። ጨዋታውን የሠራው ማን እንደሆነ አይታወቅም፤ የታመመ አባት እንዳልነበረው ግን ያስታውቃል።

"እንደገና" አለ አባቷ።

እንደገናም ያው ሆነ። በማግስቱም፣ በሳምንቱም ያው ነው። እናቷ መጀመሪያ ላይ አብራ ስቃ ነበር፤ ኋላ የምትሠራውን ሹራብ ይዛ ጓሮ መቀመጥ ጀመረች። አባቷ አልተሳደበም፣ አላማረረም። ላቡን በትከሻው ይጠርግና "እንደገና" ይላል። ሚጣ ደግሞ ዶሮዋ ብቅ ስትል ኩሽና ውስጥ የረሳችው ነገር ትዝ ይላታል። ገብታ ቧንቧውን ትከፍትና ብርጭቆ ታጥባለች። የታጠበ ብርጭቆ ነው መልሳ የምታጥበው።

አንድ ቀን ከሥራ ስትመለስ አባቷ ትራስ ከግራ ክርኑ ሥር ወትፎ፣ እጁን በትራሱ ከፍ ሊያደርግ ሲታገል ደረሰች። ትራሱ ተንሸራተተ። መኪናዋ ገደል ገባች። ዶሮዋ ሳቀች። ያን ተሳፋሪን ብረት ሳያስጨብጥ የሚያቆም፣ በከተማው ሁሉ ስሙ የተጠራ ሹፌር፣ ጎንበስ ብሎ በቀኝ እጁ ትራሱን ከወለሉ ሲፈልግ አየችው። አንጀቷን በላት።

አባቷ መጸዳጃ ቤት ሲሄድ የጨዋታውን ማስተካከያ ከፈተች። ወደ ታች ስትወርድ "መሪውን ጨዋታው ራሱ ይያዝ፣ ለሕፃናት" የሚል አገኘች። ጎኑ ላይ አንዲት ትንሽ ጡጦ ተሥላለች። ሚጣ ግራና ቀኝ አየች፤ በገዛ ቤቷ እንደ ሌባ። "ለዛሬ ብቻ" አለችና ተጫነችው።

አባቷ ተመልሶ ተቀመጠ። መታጠፊያው መጣ። ግራ እጁ እንደ ልማዱ ወረደ፣ መኪናዋ ግን ዘንበል እንኳ ሳትል ታጠፈች። ሁለተኛውንም ታጠፈች። ድልድዩን ተሻገረች። ገበያው ደጅ ስትቆም አንድም እንቁላል አልተሰነጠቀም ነበር። ዶሮዋ በሁለት ክንፏ አጨበጨበች። አባቷ ቴሌቪዥኑን አየ። ከዚያ ዞሮ ሚጣን አየ። ከወደቀ ወዲህ እንዲህ የበራ ፊት አይታበት አታውቅም።

"ይቺስ ጥግ ላይ ያለችው ምንድን ናት?" አለ ቆየት ብሎ። በቴሌቪዥኑ የላይኛው ጥግ ጡጦዋ ተለጥፋለች። "ጡጦ ትመስላለች።"

"ወተት ናት" አለች ሚጣ። "እንቁላሉን ሳትሰብር ስላደረስክ ወተትም ጫኑልህ።"

ውሸቱ ከአፏ የወጣበት ቅልጥፍና ራሷን አስደነገጣት። አባቷ ግን ራሱን ነቀነቀ። "አመኑኝ ማለት ነዋ" አለ።

ለዛሬ ብቻ ያለችው ነገር ሳምንት ገባ፣ ሳምንቱም ወር ሊሆን ተቃረበ። ቤቱ ተለወጠ። አባቷ ጢሙን መላጨት ጀመረ። ምግብ ላይ መጨቃጨቅ ቀረ። እናቷ ከጓሮ ተመለሰች፤ "እኔንም ገበያ አድርሰኝ እንጂ፣ ለእንቁላል ብቻ ነው እንዴ?" እያለች ትቀልድበታለች። ሚጣም ማታ ማታ አጠገቡ ተቀምጣ ታጨበጭብለታለች። እሱ መሪውን ሆዱ ላይ አሳርፎ፣ ጋደም ብሎ፣ አንዳንዴም እያወራ ይነዳል። ይህን ያየ ሰው በሚጣ ለመፍረድ ይከብደው ይሆናል። አይክበደው፤ ገና አልጨረሰችም።

የቀጠሮው ቀን ባለሙያዋ እጁን አንስታ ለካችው። መልሳ ለካችው። አባቷ ደረቱን ነፍቶ "አንድም አልሰበርኩም፤ ወተት ራሱ እየጫኑልኝ ነው" እያለ ይነግራታል። እሷ ፈገግ እያለች ታዳምጠዋለች፣ ዓይኗ ግን እጁ ላይ ነው። ሲጨርሱ ሚጣን ለብቻዋ ኮሪደር ላይ አስቆመቻት።

"እቤት ይሠራሉ?"

"በየቀኑ።"

"ሁለት እጃቸውን አንስተው?"

ሚጣ "አዎ" አለች።

"እንግዲያው አልገባኝም። እጃቸው ወደ ኋላ ሄዷል። ባለፈው እስከ ደረታቸው ይነሣ ነበር፤ ዛሬ እዚያም አልደረሰም። እየታገሉ ቢሆን ኖሮ እንዲህ አይሆንም ነበር።" ባለሙያዋ ድምጿን ዝቅ አደረገች። "የማላውቀው ነገር አለ?"

ሚጣ መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። አሁን መናገር ይቻል ነበር። ሁለት ቃል ነው፣ ማንም አይሰማም፣ አባቷ ጫማውን እያሰረ ነው። "ደክሞት ይሆናል" አለች። ባለሙያዋ አላመነቻትም። ሚጣ ይህን ዓይነቱን አስተያየት ታውቀዋለች፤ የፊደል ሰሌዳውን ከመገልበጧ በፊት ራሷ ሰውን የምታየው እንዲሁ ነው።

በመንገድ ላይ፣ ሲመለሱ፣ አባቷ በታክሲው መስኮት ወደ ውጭ እያየ ዜናውን ነገራት። ለእሑድ ጥሩምባን ጠርቶታል። ጥሩምባ የዱሮ ባልደረባው ነው፤ ክላክስ የሚያበዛ፣ አፉም ከክላክሱ የማያንስ ሹፌር። አብሮት የስምሪት ሹሙም ይመጣል፤ ማን የትኛውን መስመር እንደሚነዳ የሚወስነው ሰውዬ።

"ለምን ጠራኻቸው?"

"ይዩኝ ብዬ ነዋ። የተማሪዎቹ አውቶቡስ ሹፌር አጥቷል አሉ። አጭር መስመር ነው፣ ቀስ ያለ ነው። ሕፃናት ናቸው የሚጫኑት። እኔ እንቁላል ሳልሰብር ካደረስኩ፣" አለና ሳቀ፣ "ልጆቹንማ።"

ሚጣ ወደ ሌላው መስኮት ዞረች። በማግስቱ ሥራ ቦታ አንድ ሽማግሌ ሰሌዳውን እየሸመደዱ ስታያቸው ሰሌዳውን ገለበጠችው፣ ያቺን የምትወዳትን ንግግር ግን ልትናገራት አልቻለችም። ሽማግሌው በሚለምን ዓይን አይተዋት "ለዛሬ ብቻ እለፊኝ ልጄ" አሏት። ሚጣ ዞር ብላ የመነጽር ፍሬም ትደረድር ጀመር።

እሑድ ጠዋት ጡጦዋን ለማጥፋት ቆርጣ ተነሣች። ሳሎን ስትገባ አባቷ ቀድሟት ተቀምጧል፤ የሥራ ጃኬቱን ለብሷል። ቁልፎቹን ሁሉ ቆልፏል። በአንድ እጅ ያን ሁሉ ቁልፍ ለመቆለፍ መቼ እንደተነሣ እሱ ያውቃል። ብታጠፋው በባልደረቦቹ ፊት ገደል ሊገባ ነው። ባታጠፋው ደግሞ ልጆች የጫነ አውቶቡስ ሊለምን ነው። የትኛው እንደሚብስ ለማንም ግልጽ ነው፤ ለእሷም ግልጽ ነበር። ሻይ ልታፈላ ኩሽና ገባች።

እንግዶቹ መጡ። ጥሩምባ ከበር ጀምሮ እያወራ ገባ። የስምሪት ሹሙ ዝምተኛ ሰው ነው፤ የሻይ ብርጭቆውን በሁለት እጁ ይዞ ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ሰላምታው፣ የጤናው ጥያቄ፣ ማን ጡረታ ወጣ፣ ማን ተጋጨ የሚለው ካለቀ በኋላ አባቷ መሪውን አነሣ።

"እስቲ ተሳፈሩ" አለ።

መኪናዋ ከጎተራው ደጅ ተነሣች። የመጀመሪያውን መታጠፊያ በሰላም አለፈች። የስምሪት ሹሙ ብርጭቆውን አስቀምጦ ጎንበስ አለ። ጥሩምባ "ሚዛን መቼም ሚዛን ነው፣ እጁ ቢደክም ልቡ አይደክም" እያለ ጉልበቱን ይመታል። ሚጣ የኩሽናውን በር ተደግፋ ቆማለች። ከዚያ ጥሩምባ ጣቱን ወደ ቴሌቪዥኑ ጥግ ቀሰረ።

"ይቺን ጡጦማ አውቃታለሁ። እኛም ቤት አለች።"

"ወተት ናት" አለ አባቷ፣ ዓይኑን ከመንገዱ ሳያነሣ። "ጭነት ጨምረውልኝ ነው።"

"የምን ጭነት? የልጄ ልጅ የምትነዳበት ናት እንጂ። ሦስት ዓመቷ ነው። እሷን ስንከፍትላት መኪናዋ በራሷ፣" ብሎ ጥሩምባ አፉን በእጁ ያዘ። በሕይወቱ ዓረፍተ ነገር ሳይጨርስ ሲቀር ይህ የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም።

 መኪናዋ ወደ ድልድዩ እየቀረበች ነበር፤ ከድልድዩ በፊት ያለችው ጠመዝማዛ ከሁሉም የከፋችው ናት። አባቷ መሪውን ቀስ አድርጎ፣ ዕቃ እንደሚያስቀምጥ ሰው፣ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠው። ከዚያ ቀኝ እጁንም ከላዩ አነሣ። ዕድሜውን ሙሉ መኪናው ሳይቆም መሪ ለቅቆ የማያውቅ ሰው መሪውን ለቀቀ።

መኪናዋ ጠመዝማዛዋን ታጠፈች። ድልድዩን ተሻገረች። ኮረብታውን ዞራ፣ ለላሞቹ መንገድ ሰጥታ፣ ገበያው ደጅ ደርሳ ቆመች። ዶሮዋ ወጥታ አጨበጨበች። ሳሎኑ ውስጥ ከእሷ ጭብጨባ በቀር የሚሰማ ነገር አልነበረም።

"ሻዩ ጥሩ ነው" አለ የስምሪት ሹሙ፣ ባዶውን ብርጭቆ እያነሣ።

ስለ ተማሪዎቹ አውቶቡስ ማንም ምንም አላነሣም። እንግዶቹ ሌላ ጉዳይ እንዳለባቸው ትዝ አላቸው። አባቷ እስከ በር ሸኛቸው፣ እናቷም እስከ ዋናው መንገድ ልታደርሳቸው ተከተለቻቸው። ጥሩምባ ሲወጣ ሚጣን አላያትም። የስምሪት ሹሙ ግን አያት፤ ባያያት ይሻላት ነበር፣ ጆሮዋ ድረስ ነደደች።

አባቷ ተመልሶ ተቀመጠ። የጃኬቱን ቁልፎች ከላይ ጀምሮ አንድ በአንድ መፍታት ያዘ። ሚጣ ልታግዘው እጇን ስትዘረጋ በዓይኑ መለሳት።

"ወተት ናት አልሽኝ።"

"አዎ።"

"ከመቼ ጀምሮ ነው?"

"ትራስ ክርንህ ሥር ካደረግክበት ቀን ጀምሮ።" ድምፅዋ ተቆራረጠ። "አንጀቴን በላኸኝ አባዬ። ዶሮዋ ስትስቅብህ ማየት አቃተኝ። እጅህም ወደ ኋላ የሄደው በእኔ ነው። ሐኪሟ ጠይቃኝ ነበር፣ ዋሸኋት።"

ሁሉንም ተናገረች። ስታወጣው የሚቀላት መስሏት ነበር፣ አልቀለላትም። አባቷ የመጨረሻውን ቁልፍ ፈታ።

"ዶሮዋ ለእኔ ምኔ ናት?" አለ በኋላ። "ዶሮ ናት። ስንት ትራፊክ፣ ስንት ተሳፋሪ ሲሰድበኝ የኖርኩ ሰው ነኝ። እኔ ስሰማው የነበረው ሌላ ነው።" ወደ ኩሽናው በር በአገጩ አመለከተ። "በወደቅኩ ቁጥር ትነሺና እዚያ ትገቢያለሽ። ቧንቧው ሲከፈት እሰማለሁ። ታጥቦ የተደረደረ ብርጭቆ ታጥቢያለሽ። ልጄ አፈረችብኝ እል ነበር።"

"አላፈርኩብህም" አለች ሚጣ፣ ግን ቃሉ አፏ ውስጥ እያለ እውነት እንዳልሆነ አወቀች። ጡጦዋን የተጫነችው ለእሱ ብላ አልነበረም። እሱ መውደቅ ችሎ ነበር። ያልቻለችው እሷ ናት።

"ከዚያ መኪናዋ ስትታጠፍልኝ" አለ አባቷ፣ "አጠገቤ መቀመጥ ጀመርሽ። ለዚያ ነው ደስ ያለኝ። ለእንቁላሉ መስሎሻል?"

ሚጣ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። አባቷ አላባበላትም። እንድታለቅስ ጊዜ ሰጣት፣ ከዚያ የፕላስቲኩን መሪ በቀኝ እጁ ከጉልበቱ ላይ አነሣ።

"አጥፊያት።"

ማስተካከያውን ከፍታ አጠፋችው። ጡጦዋ ከቴሌቪዥኑ ጥግ ድንገት ጠፋች።

"አሁን ቁጭ በይ። እዚያ አይደለም፣ እዚህ አጠገቤ። ኩሽና የለም።"

ተቀመጠች። አባቷ የግራ እጁን ጣቶች በቀኝ እጁ አንድ በአንድ መሪው ላይ አጠፋቸው። ሁለቱንም እጆቹን አነሣ። ግራው እየተንቀጠቀጠ ሆዱን አለፈ፣ ደረቱ ሳይደርስ ቆመ። መኪናዋ ተነሣች። መታጠፊያው ገና ሳይደርስ ዘመመች፣ ቦዩ ውስጥ ተደፋች፣ እንቁላሉ ሁሉ ፈረጠ። ዶሮዋ ወጥታ፣ ወር ሙሉ እንዳልሳቀች ሁሉ፣ ሆዷን ይዛ ሳቀች።

የሚጣ እግሮች እንደ ልማዳቸው ሊነሡ ቃጡ።

"እንደገና" አለ አባቷ።

ሚጣ ሶፋው ላይ ይበልጥ ወደ እሱ ተጠጋች። ፊቷ እንደ ጋለ ምጣድ ይፋጃል፣ ዓይኗን ግን ከግራ እጁ ላይ አላነሣችም።